መጋረጃው አልወርድ ሲል

ስሙኝማ፣ የልደታ ልጆች! ዛሬ ግንቦት ልደታ ነው። ንፍሮው ተጥዷል፣ ቡናው ገና አቦል ላይ ነው፣ ማርያም ትመስገን ሰማዩም ጠርቷል። በረካው እስኪደርስ አንድ ወግ ልንገራችሁ። ረዘም ይላል፤ ያልጣመው ተነስቶ መሄድ ይችላል፣ ንፍሮውን ሳይቀምስ ግን አይሄድም።

ወጉ የቴአትር ነው። የተዋናዩ ግን አይደለም፤ ለተዋናዩ አጨብጫቢ ሞልቶለታል። እኔ የማወራላችሁ ከመጋረጃው ጀርባ ስላለው ገመድ፣ ከጣሪያው ሥር ስለተሰቀለው መዘውር፣ ከወለሉ በታች ስለሚያጓራው ሞተር ነው። እነዚህ ደህና ሲሠሩ ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም። አንድ ቀን እምቢ ሲሉ ግን አዳራሽ ሙሉ ሰው ያፈጥባቸዋል። ከከተማ ከተማ በሚዞር ሙዚቃዊ ተውኔት ላይ ደግሞ እምቢታቸው ይበዛል። ለምን እንደሚበዛ እደርስበታለሁ።

ከሰፈራችን እንነሳ። ከማርያም በር ወጥታችሁ በሜክሲኮ አደባባይ በኩል ብታዘግሙ ብሔራዊ ቴአትር ትደርሳላችሁ። ጣሊያን ሲኒማ ማርኮኒ ብሎ የጀመረው ቤት ነው። ኋላ ፈረንሳዊው አርክቴክት ሄንሪ ሾሜት ያዘውና፣ ጃንሆይ የነገሡበት 25ኛ ዓመት ሲከበር በ1948 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ተመረቀ። የራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ታየበት። ከዚያ በፊትማ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት የአውሬዎቹን ኮሜዲያ ለመኳንንቱ ያሳዩት ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ምን መዘውር አለና! ብሔራዊ ሲከፈት ግን ከአንድ ሺህ ሰው በላይ የሚይዝ አዳራሽ፣ ከባድ መጋረጃ፣ የኦርኬስትራ ሥፍራ መጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚበላሽ ነገርም አብሮ መጣ ማለት ነው። እደጃፉ ላይ የቆመው የሞሪስ ካልካ የድንጋይ አንበሳ ብቻ ነው ገመድም ዘይትም የማይጠይቅ።

አሁን ደግሞ ወዲህ ዙሩ። ቦሌ ሳይሠራ በፊት አውሮፕላን የሚያርፈው እዚሁ ልደታ ሜዳ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 1946 ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው ከዚሁ ነው፤ በባለ ሁለት ሞተሯ ዳኮታ። ጄት ሲመጣ ሜዳው አጠረና ነገሩ ወደ ቦሌ ሄደ። ይህን የማነሳው ለትዝታ አይደለም። አንዲት ዳኮታ ብትጠቀጠቅ ሦስት ቶን ያህል ነው የምትሸከመው። ዛሬ በእንግሊዝና በአሜሪካ የሚዞር አንድ ትልቅ ሙዚቃዊ ተውኔት ዕቃውን የሚጭነው ከአሥራ አምስት በሚበልጡ ተሳቢ መኪኖች ነው። ተዋናዩ ባንድ አውቶቡስ ይገባል። የቀረው ሁሉ ብረት፣ ጣውላ፣ ገመድ፣ መብራትና ሞተር ነው።

«ጋሼ፣ ያን ሁሉ ብረት ምን ያደርጉበታል?» አለኝ ይኼ ትንሹ።

ጥሩ ጠየቅህ። ለንደን ወይም ኒው ዮርክ አንድ ቤት ውስጥ ዓመታት የሚቆይ ትርዒት ማሽኑን በብሎን አስሮ ያስቀምጠዋል። ዛሬ የተስተካከለው ነገም እዚያው ነው። ተጓዡ ግን በሳምንትና በሁለት ሳምንት ይፈታል፣ ይጫናል፣ ይወርዳል፣ ይገጠማል። አንዱ ከተማ ያለው መድረክ ወደ ተመልካቹ ያዘነብላል፤ የሌላው ጠፍጣፋ ነው። አንዱ ጣሪያው ሩቅ ነው፤ የሌላው ዝቅ ብሎ ራስ ይነካል። መብራቱም ከቤት ቤት አንድ አይደለም። ስለዚህ ተጓዦቹ የራሳቸውን ወለል ተሸክመው ይዞራሉ። ከመድረኩ ላይ ሌላ መድረክ ያነጥፋሉ፤ በንጣፉ ውስጥ ቀጫጭን ቦዮች አሉ፤ በቦዮቹ ውስጥ የብረት ገመድ ይሮጣል፤ ገመዱን ሞተር ይጠቀልለዋል፤ ቤቱም፣ ዛፉም፣ መርከቡም በዚያ ገመድ እየተሳበ መድረኩ ላይ ይንሸራተታል። አሁን አሁን የሚያዘው ኮምፒውተር ነው። «ይኼ ቤት አራት ሜትር ይምጣና ይቁም» ይለዋል።

እንግዲህ አንዲት ብሎን ቦዩ ውስጥ ትወድቅ። ወይም ከአንዷ ተዋናይት ቀሚስ ላይ አንዲት ዶቃ ትበጠስ። ቤቱ ሁለት ሜትር መጥቶ ቀጥ ይላል። ኮምፒውተሩ «አራት አልኩ፣ ሁለት ላይ ቆሟል፣ አንድ ነገር አለ» ብሎ የቀረውንም ሁሉ ያቆማል። ተመልካቹ «ማሽኑ ተበላሸ» ብሎ ይስቃል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ማሽኑ የሚቆመው ሰው እንዳይቀጠቅጥ ነው። ሞተሩን የያዘው ሰው አጠገብ ቀይ ቁልፍ አለች፤ ሲጫናት ሁሉም ነገር ባለበት ይደርቃል። በኔ ፍርድ ከመድረክ ዕቃ ሁሉ የበለጠችው እቺ ቁልፍ ናት። ይህችን ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እንፈልጋታለን።

ኮምፒውተር ሳይመጣ በፊት ይህን ሁሉ የሚሠራው ክንድ ነበር። በጥንት ዘመን አውሮፓ ውስጥ ለዚህ ሥራ መርከበኞች ይቀጠሩ ነበር ይባላል፤ ገመድና ቋጠሮ የሚያውቁ እነሱ ናቸዋ። ከላይና ከታች ሆነው የሚነጋገሩት በፉጨት ነው። አንድ ፉጨት «ልቀቅ»፣ ሌላው ፉጨት «ሳብ»። ታዲያ አንዱ ተዋናይ ሳያስብ ቢያፏጭ ከላይ ተራራ ወይም ቤተ መንግሥት ራሱ ላይ ይለቀቅበታል። እስከ ዛሬም እነሱ ዘንድ ቴአትር ቤት ውስጥ ማፏጨት ነውር ነው። እናቶቻችን «በማታ አታፏጭ፣ ሰይጣን ትጠራለህ» የሚሉን ከዚህ ጋር ዘመድ ይሁን አይሁን አልልም፤ ብቻ ሁለቱም ወገን ፉጨትን ፈርቷል። የኛ ተመልካች ግን ደስ ሲለውም ሲናደድም ያፏጫል። መርከበኛ የለም ብሎ ነው።

እሺ፣ ወደ አደጋው። ዓድዋ ላይ ጣሊያን ድል በሆነበት ዓመት፣ በዚያው እ.ኤ.አ. በ1896፣ ዓለም ላይ ሁለት የመድረክ ነገር ሆነ። አንደኛው ሙኒክ ነው። ካርል ላውተንሽሌገር የሚባል የመድረክ መሐንዲስ ተሽከርካሪ መድረክ ሠራ። ወለሉ ክብ ሆኖ ይዞራል፤ በአንዱ ጎን ተዋናዩ ሲጫወት በጀርባው ሌላ ቤት ይዘጋጃል፤ ሲዞር ትዕይንቱ ይለወጣል። ጃፓኖች ግን ቀድመዋል፤ ናሚኪ ሾዞ የሚባል ጸሐፌ ተውኔት ኦሳካ ላይ በ1758 አዙሮታል። ከሥሩ ሰዎች ገብተው በትከሻቸው እየገፉ።

ሁለተኛው ፓሪስ ነው። እንዲህ እንደዛሬው ግንቦት ወር ላይ፣ ሜይ 20፣ በትልቁ ኦፔራ ቤት «ኤሌ» የሚባል ኦፔራ እየታየ ነበር። ከተመልካቹ ራስ በላይ የሰባት ቶን መብራት ተሰቅሏል። መብራቱን የሚያመዛዝኑ ከባባድ ብረቶች ከጣሪያው ውስጥ በብረት ገመድ ተንጠልጥለዋል። አንዱ ገመድ ተበጠሰ። ብረቱ ጣሪያውን በሳው፣ በላይኛው ወንበሮች ላይ ወረደ። አንዲት የሕንፃ በር ጠባቂ ሴት ሞተች፣ ሌሎችም ቆሰሉ። መብራቱ ራሱ አልወደቀም፤ ሰው ግን እስከ ዛሬ «መብራቱ ወደቀ» ብሎ ነው የሚያወራው። ጋስተን ለሩ የሚባል ደራሲ ይህን ይዞ ልብ ወለድ ጻፈበት። ከልብ ወለዱም እ.ኤ.አ. በ1986 ለንደን ላይ «ዘ ፋንተም ኦፍ ዚ ኦፔራ» የተባለው ሙዚቃዊ ተውኔት ወጣ። እዚያ ውስጥ መብራቱ ሆን ተብሎ በየምሽቱ ይወርዳል። አያችሁ ነገሩን? አንድ ጊዜ በስህተት የገደለውን በቲኬት የሚታይ አደረጉት። አንዳንድ ምሽት ደግሞ መብራቱ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። ያን ጊዜ ተዋንያኑ ከማይወድቅ ነገር ሥር እየጮኹ ይሸሻሉ።

ሳቃችሁን ጨረሳችሁ? እትዬ፣ እስቲ ቶናውን ለልጆቹም ትንሽ ትንሽ።

ቪክቶር ሁጎን ታውቁታላችሁ፤ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «መከረኞቹ» ብሎ ወደ አማርኛ የመለሰለት። ያ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1985 ለንደን ላይ በዘፈን ተሠራ። ልቡ ተሽከርካሪው መድረክ ነበር። ዋናው ሰው ዣን ቫልዣ ዓመታት ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ወለሉ ከሥሩ ስለሚዞር ግን ከተመልካቹ ዓይን አይጠፋም። የአመፀኞቹ ምሽግ ይዞርና ከኋላው የወደቁት ይታያሉ። ወለሉ አልዞር ያለ ምሽት ምን ይሆናል? ዣን ቫልዣ አምስት እርምጃ ሄዶ ከግድግዳው ጋር ይላተማል። ተዋናዩ መመለስ አለበት፣ መዞር አለበት፣ የለመደው እግሩ ይጠፋበታል። ምሽጉም ካልዞረ በስተጀርባው የሞተው ሰው አይታይም፤ ሞተ ብሎ የሚዘፍንለት ብቻ ይቀራል። እንግዲህ 25ኛ ዓመቱን ሲያከብሩ እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ ላይ አዲስ የሚዞር ቡድን አወጡ፤ ተሽከርካሪውን ጭራሽ ተዉት። በምትኩ ሁጎ ራሱ የሣላቸውን ሥዕሎች በብርሃን ከጀርባ አበሩባቸው። ሰውየው ሰዓሊም ነበር። ብዙ ሰው «መድረኩ ካልዞረ ምን መከራ አለው» ብሎ አጉረመረመ፤ እኔ ግን ውሳኔውን እወድለታለሁ። መንገድ የሚወጣ ሰው የማይችለውን ሸክም ቤቱ ትቶ መውጣቱ ዕውቀት ነው።

ከሁሉ የምወደው ግን የጠንቋይዋ ነው። «ዊክድ» የሚባል ተውኔት አለ። አረንጓዴ ፊት ያላት ልጅ በመጀመሪያው ክፍል ማብቂያ ላይ እየዘፈነች ወደ ሰማይ ትወጣለች። የሚያነሳት ከቀሚሷ ሥር የተደበቀ የብረት ክንድ ነው፤ የመብራት ኃይል ሠራተኞች ምሰሶ ላይ የሚወጡበትን ዓይነት አስቡት። ክንዱ እምቢ ሲል አንድ የተዘጋጀ ነገር አላቸው። ልጅቷ መሬት ላይ እንደቆመች መዝፈኗን ትቀጥላለች፤ የቀሩት ተዋንያን በሙሉ መድረኩ ላይ ይዘረጋሉ። ተኝተው ሽቅብ ያዩዋታል። እሷ ካልወጣች እነሱ ይውረዱ ነው ነገሩ! ይህን ያሰበው ሰው ማሽኑ ከመበላሸቱ በፊት ነው ያሰበው። በየከተማው የሚዞረው ቡድንም ይህን ተለማምዶ ነው የሚወጣ።

ይኸው ተውኔት ደግሞ ሌላ ፊት አለው። ኢዲና መንዜል የመጀመሪያዋ ጠንቋይ ነበረች። ኒው ዮርክ ላይ ጃንዋሪ 8 ቀን 2005፣ ሥራዋን ልትጨርስ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ጠንቋይዋ በምትቀልጥበት ትዕይንት ላይ የወለሉ አሳንሰር ሳይጠበቅ ቀድሞ ወርዶ ነበር። እሷ ወለል አለ ብላ ረገጠች። ጎድን አጥንቷ ተሰበረ። ተውኔቱ ቆመ፤ ሌላ ተዋናይት ቀለሙን ተቀብታ ጨረሰችው። በማግስቱ ኢዲና አልተጫወተችም፤ መጨረሻው ላይ ግን ቀይ የስፖርት ልብስ ለብሳ ብቅ ስትል አዳራሹ ቆሞ አላስቀምጥም አለ። እዚህ ላይ የሚዘረጋ ተዋናይ አይጠቅምም። ጉድጓድ ጉድጓድ ነው። ያቆሙት ደግ አደረጉ።

«የኛ ሰዎችስ ጋሼ?»

መጣሁ፣ መጣሁ። የኛ ሰዎች የዞሩት ማሽን ይዘው አይደለም። በደርግ ዘመን በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድን ነበር። ባሕር ዳር ግሽ ዓባይ፣ ጎንደር ፋሲለደስ፣ ደሴ የወሎ ላሊበላ። እነ ማሪቱ ለገሰ የወጡበት ነው የላሊበላው። ዘፈን፣ ውዝዋዜ፣ አጫጭር ድራማ አንድ ላይ ነው የሚቀርበው፤ ሙዚቃዊ ተውኔት ብላችሁ ብትጠሩት ማንም አይከሳችሁም። ሀገር ፍቅርም ከእነሱ አስቀድሞ በየጠቅላይ ግዛቱ ዞሯል። በ1980 ዓ.ም. ደግሞ «ሕዝብ ለሕዝብ» ተብሎ ትልቅ ቡድን ወጣና በድርቁ ጊዜ እጁን ለዘረጋው ዓለም ምስጋና ሊያቀርብ አውሮፓና አሜሪካን ዞረ። ማሲንቆው፣ ክራሩ፣ ዋሽንቱ፣ ከበሮው በትከሻ ይሄዳል። ሶኬት አይጠይቅም።

በየከተማው የሚጠብቃቸው አዳራሽ ግን ለቴአትር የተሠራ አልነበረም፤ የስብሰባ ቤት ነው። መድረኩ ከፍ ያለ ሲሚንቶ ነው፣ ጎኑ መደበቂያ የለው፣ ጣሪያው ገመድ መስቀያ የለው። መጋረጃው በቀለበት ሽቦ ላይ የተሰካ ጨርቅ ነው። ግማሽ ላይ ይይዛል። አንዱ ልጅ ካንዱ ጎን ሮጦ በእጁ ይስበዋል፤ ተመልካቹም ከተዋናዩ ይልቅ ለእሱ ያጨበጭባል። መብራት ይሄዳል። ድምፅ ማጉያው ዝም ይላል። ከበሮው ግን አይቆምም፤ ኩራዝ ወይም ማሾ ይመጣል፤ ዛሬ ዛሬ ደግሞ ተመልካቹ ራሱ በስልኩ ያበራላቸዋል። ይህን አይቶ ያላደገ የክፍለ ሀገር ልጅ ያለ አይመስለኝም። ብርቱ ነበሩ። ከዊክድ ሰዎች ቀድመው ሁለተኛውን መንገድ ያወቁ፣ አንደኛው ስለሌላቸው።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን የብሬሽትን ተውኔት «እናት ዓለም ጠኑ» ብሎ ወደኛ አምጥቶታል። ብሬሽት በርሊን ላይ ሲያቀርበው የባለ ታሪኳ እናት ጋሪ በተሽከርካሪ መድረክ ላይ እየዞረ ነበር ዓመታት የሚያልፉበት። ተውኔቱ ግን ያለ ተሽከርካሪውም ይቆማል፤ ጋሪ የምትጎትት እናት ካለች በቂ ነው። ተጓዥ ሥራ የሚጽፍ ሰው ይህንን ቢመለከት እላለሁ።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። እኛ «ይቀጥል! ይቀጥል!» ማለት እናበዛለን። መብራት ጠፋ፣ ይቀጥል። መድረኩ ተንቀጠቀጠ፣ ይቀጥል። ሽቦው ጭስ ጭስ ሸተተ፣ ይቀጥል። ይህን የሚለውን ሰው የማላምንበትን ምክንያት አሁን እነግራችኋለሁ። ልጆች፣ ይኼኛው አያስቅም።

እ.ኤ.አ. በ1903 ነው፣ በኛ 1896 ዓ.ም.፣ ምኒልክ በነበሩበት ጊዜ። አሜሪካ፣ ቺካጎ የምትባል ከተማ። «ሚስተር ብሉቢርድ» የሚባል ሙዚቃዊ ተውኔት ከለንደን ድሩሪ ሌን ተነስቶ፣ ኒው ዮርክ ታይቶ፣ በጉዞ ቺካጎ ገባ። የገባበት ቴአትር ቤት አይሮኮይስ ይባላል፤ ከተከፈተ ገና አምስት ሳምንቱ ነው። ማስታወቂያው ላይ «እሳት ፈጽሞ የማይበግረው» ብለው ጽፈውበታል። ዲሴምበር 30 ነው፣ ረቡዕ ከሰዓት። ትምህርት ቤት ለገና ዝግ ነው። አዳራሹ በእናቶችና በልጆች ጢም ብሏል፤ ወንበር ያጣው ከኋላ ቆሟል።

ሁለተኛው ክፍል ላይ የጨረቃ ብርሃን ዘፈን ነበር። ስምንት ወንድ፣ ስምንት ሴት። ጨረቃዋን የሚያበራው ከጎን የተሰቀለ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ መብራት ነው። ፍንጣሪ ዘለለና አጠገቡ የተንጠለጠለውን ስስ ጨርቅ ነካው። ትንሽ እሳት ነው፤ አንድ ሰው በእጁ ሊያጠፋው ሞከረ፣ አልደረሰበትም። የእሳት ጠባቂው «ኪልፋየር» የሚባል በቆርቆሮ ቱቦ ያለ ዱቄት ነበረው፤ እሳት ላይ የሚበተን። እሳቱ ግን ከራሱ በላይ ነው። ዱቄቱ ወደ ላይ ተወርውሮ ተመልሶ ወለሉ ላይ ወረደ። ከላይ ያለው ደግሞ ቀለም በተቀባ ሸራ የተሞላ ነው፤ ለየትዕይንቱ የሚወርድና የሚወጣ በሺህ የሚቆጠር ሜትር ሸራ።

ኤዲ ፎይ የተውኔቱ ኮሜዲያን ነው። ሴት መስሎ፣ ቀሚስ ለብሶ፣ ዊግ አጥልቆ ክፍሉ ውስጥ ተራውን ይጠብቃል። ጩኸት ሲሰማ ልጁን ፈልጎ ለአንድ ሠራተኛ አስረከበው፣ በኋላ በር አስወጡት። እሱ ግን ወደ መድረኩ ተመለሰ። ከላይ የሚነድ ነገር እየወረደበት ሕዝቡን «አይዟችሁ፣ ተቀመጡ፣ አትጋፉ» አለ። ለኦርኬስትራው «ተጫወቱ!» አለ። ተጫወቱ። ሰዎቹም ተቀመጡለት፤ ማሽኑ ያድነናል ብለው።

ማሽኑን የእሳት መጋረጃ ይሉት ነበር። እሳት ሲነሳ መድረኩን ከአዳራሹ የሚዘጋ፣ ከአስቤስቶስ የተሠራ ነው የተባለ። «አውርዱት!» ተባለ። ጀመረ። አንዱ ጎን ወረደ። ሌላው ጎን ከፍ ብሎ ቀረ፤ ከመድረኩ ጠርዝ ወጣ ብሎ የተተከለ የመብራት አንጸባራቂ ያዘው። ሳቡት፣ ገፉት። አልወርድ አለ። ኋላ ሲመረምሩት ጨርቁ ራሱ አብዛኛው የእንጨት ጭረት ሆኖ ተገኘ። ከመድረኩ በላይ ጢስ ማውጫ መስኮቶች ነበሩ፤ አልተከፈቱም።

ይኼኔ ተዋንያኑ ከኋላ ትልቁን በር ከፍተው ሮጡ። የቺካጎ ቀዝቃዛ ነፋስ በበሩ ገባ። መውጫ ጢሱ በላይ የለውም፣ መጋረጃው ደግሞ በሥሩ ክፍት ነው። እሳቱ በዚያ ክፍተት ተገፍቶ ባንድ ጊዜ ወደ አዳራሹ፣ ወደ ሰገነቶቹ ወጣ። ኔሊ ሪድ የምትባል በሽቦ እየበረረች ከተመልካቹ በላይ አበባ የምትበትን ልጅ ነበረች። ተቃጠለች፣ ሆስፒታል ሞተች። ከመድረክ ሰዎች አብዛኞቹ ግን በኋላ በር ወጡ።

አዳራሹ ውስጥ ያሉትስ? በሮቹ በመጋረጃ ተሸፍነዋል፤ የቱ ጋ በር እንዳለ አያስታውቅም። ያገኙት ደግሞ መክፈቻው እንግዳ ነው፤ አያውቁትም። አንዳንዱ ተቆልፏል። አንዳንዱ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈት፤ ከኋላ መቶ ሰው እየገፋህ በሩን ወደ ራስህ እንዴት ትስበዋለህ? በደረጃው ላይ ደግሞ የብረት ፍርግርግ ቆልፈዋል፤ ከላይ ርካሽ ትኬት የቆረጠው ሰው ወርዶ ውድ ወንበር ላይ እንዳይቀመጥ ብለው ነው።

602 ሰው ሞተ። አብዛኛው ሴትና ሕፃን። ከተከሰሱት ማንም አልተፈረደበትም።

«ለምን አላቆሙትም መጀመሪያ ላይ?» አልከኝ? እሱን ነው የምልህ። ኤዲ ፎይን አልወቅሰውም፤ ሌላው ሲሮጥ እሱ ቆሟል፣ የድንጋጤ ግፊያም ሰው እንደሚጨርስ ያውቃል። ነገር ግን ሰዉ እንዲቀመጥ የጠየቀው መጋረጃውን አምኖ ነው፤ መጋረጃውን ደግሞ በየጊዜው አውርዶ የሚሞክረው ሰው አልነበረም። ያቺ ቀይ ቁልፍ አስታወሳችኋት? እሷ ዛሬ ያለችው እንዲህ ዓይነት ቀን ስለነበረ ነው። በመድረክ ላይ አንድ ሰው፣ ስሙ የታወቀ፣ «ቁም» ሲል አዘጋጁም አምራቹም የማይከራከሩት ሰው መኖር አለበት። የመድረክ መሪ የምንለው ለዚህ ካልሆነ ለምን ይከፈለዋል?

ከዚያ እሳት በኋላ ነገር ተለወጠ። የመውጫ በር ወደ ውጭ ይከፈት ተባለ። ካርል ፕሪንዝለር የሚባል የበር ዕቃ ነጋዴ በዚያ ቀን ተውኔቱን ሊያይ አስቦ ሳይሄድ ቀርቶ ነበር። ነገሩ እንቅልፍ ነሳው። ከባልደረባው ጋር ሆኖ በበሩ ወርድ የሚተኛ ብረት አሠሩ፤ በእጅም በሆድም ቢጫኑት በሩ ወለል ይላል። እ.ኤ.አ. በ1908 ገበያ ላይ ዋለ። ዛሬ በየሆቴሉና በየሲኒማ ቤቱ የምታዩት አግድም ብረት እሱ ነው። ለንደን ውስጥ ደግሞ የእሳት መጋረጃው እንደሚወርድ ተመልካቹ በዓይኑ እንዲያይ በየትርዒቱ ያወርዱታል፤ በዕረፍት ሰዓት አይስክሬም እየበላ ያየዋል።

እንግዲህ ልመናዬን ላቅርብ፤ ከናንተ መሀል የቴአትር ሰው አይጠፋም። ወደ ክፍለ ሀገር የምትወጡ ቡድኖች፣ ዕቃው ከመጫኑ በፊት አንድ ሰው ቀድሞ ሄዶ አዳራሹን ይየው። ጣሪያውን ይለካ፣ ሽቦውን ያሽት፣ በሮቹን ይቁጠር። ሞተር ያለበት ትዕይንት ካላችሁ ያለ ሞተርም ተለማመዱት። አዳራሽ የምታስተዳድሩ፣ ቲኬት ሳይቆርጥ የሚሾልክ ሰው ይኖራል ብላችሁ የጎን በር አትቆልፉ፤ አስተናጋጅ አቁሙበት። ቺካጎም ፍርግርጉን የቆለፈው ይህን ለሚመስል ሰበብ ነበር። የቆሻሻ ዕቃ፣ ትርፍ ወንበር፣ የተረፈ ዲኮር መውጫው ላይ አትከምሩ።

ተመልካቾችም፣ ቅዳሜ ወይም እሑድ ትኬት ቆርጣችሁ ስትገቡ ወንበራችሁን ከማግኘታችሁ በፊት የጎን በሩን ገፋ አድርጉት። ካልተከፈተ አስተናጋጁን ጥሩና ንገሩት፤ ካልከፈተላችሁ ገንዘባችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።